ክብ የሌለባቸው ወረቀቶች

ሁለት ሰዎች አንድ ሥራ እየሠሩ መተዋወቅ የለባቸውም ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። የመዝገበ ቃላቱ ቢሮ ግን የቆመው በዚህ ደንብ ላይ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቢሮው ብዙ ትርጉም ያላቸውን የእንግሊዝኛ ቃላትና ፈሊጦች ወደ ፈረንሳይኛ የሚተረጉም አንድ ትልቅ መጽሐፍ ያዘጋጅ ነበር። ሥራው የዋዛ አይደለም። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሲሻው ጸደይ ነው፣ ሲሻው ምንጭ፣ ሲሻው የሰዓት ሞላ፣ ሲሻው ደግሞ ዝላይ፤ ፈረንሳይኛው ግን ለእያንዳንዱ የየራሱን ቃል ይጠይቃል። ፈሊጥ ሲሆንማ ይብሳል። እንግሊዙ ሰው ሞተ ለማለት ሲቀልድ ባልዲውን ረገጠ ይላል፤ ፈረንሳዩ ደግሞ ፒፓውን ሰበረ ይላል። ባልዲውን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ፈረንሳይኛ የሚሄድ ተርጓሚ መንገድ ላይ ውሃ ከማፍሰስ በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ወረቀት ሁለት ጊዜ ይጓዛል። ላይኛው ፎቅ ያሉት ተርጓሚዎች እንግሊዝኛውን ወደ ፈረንሳይኛ ይወስዱታል። ከዚያ ወረቀቱ በጽሕፈት መኪና ተጽፎ፣ ስም ሳይኖረው ቁጥር ብቻ ተሰጥቶት፣ ምድር ቤት ወደተቀመጡት መላሾች ይወርዳል። የአንድ ተርጓሚ ወረቀት ሁሉ የሚደርሰው ለአንድ መላሽ ነው። መላሾቹ የመጀመሪያውን እንግሊዝኛ ዓይተውት አያውቁም። ፈረንሳይኛውን ብቻ አንብበው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል። የሄደውና የተመለሰው ከተገናኙ ወረቀቱ አለፈ፤ ካልተገናኙ ተርጓሚው እንደገና ይጀምራል። መላሹ ያልገባው ነገር ካለ ከዳር በእርሳስ ትንሽ ክብ ያደርጋል። ክብ ማለት «አልገባኝም፣ ምን ለማለት ነው?» ማለት ነው። ተርጓሚው በጽሑፍ ሲያብራራለት መላሹ ክቡን በላጲስ ያጠፋዋል።

ታዲያ ተርጓሚና መላሽ ከተዋወቁ ፈተናው ፈተና አይሆንም። ሕንጻው የመንገድ ማዕዘን ላይ ስለነበር የላይኞቹ በር ወደ አንዱ መንገድ፣ የታችኞቹ በር ወደ ሌላው ይከፈታል። የታችኞቹ አንድ ሰዓት ቀድመው ይገባሉ፣ አንድ ሰዓት ቀድመው ይወጣሉ። መጽሐፉ እስኪታተም ድረስ ማንም ስለሥራው ለውጭ ሰው እንዳይናገር ፈርሟል። ምድር ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ በትልቁ እንዲህ የሚል ተለጥፏል፦ «የምትመልሰው ወረቀቱን ነው፤ ሰውየውን አይደለም።»

ይህን ደንብ ያወጡት፣ የሄደውንና የተመለሰውን ጎን ለጎን አስቀምጠው የሚያመሳክሩት ሴትዮ ነበሩ። የቢሮው ሰው እትዬ ሚዛን ይላቸዋል። ሴትዮዋ ስሙን ያውቁታል፤ አልተቀየሙበትም።

ላይኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሁለተኛ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዲት ወጣት ተርጓሚ ነበረች። ዓረፍተ ነገር ጀምራ የመጨረስ ልማድ ስላልነበራት ቁጥቧ የሚል ስም ወጥቶላታል። «እንግዲህ ነገ እኔ...» ብላ ታቆማለች፤ ሰሚው እንደፍጥርጥሩ ይሁን። በወረቀት ላይ ግን ሌላ ሰው ነበረች። እያንዳንዱን ቃል ባለሱቅ የብር ኖት እንደሚመረምር ወደ ብርሃን አንስታ ሳታገላብጥ አታስቀምጠውም።

ቁጥቧ አንድ ነገር ትፈልግ ነበር። ሁለት መቶ ወረቀት ያሳለፈ ተርጓሚ ስሙ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይታተማል። መላሾች ግን ምንም ቢሠሩ ስማቸው አይወጣም፤ እሱም ደንብ ነው። ስሟን በእውነተኛ መጽሐፍ ላይ ታትሞ ማየት እንደምትፈልግ ለማንም አልተናገረችም። ብትናገርም አትጨርሰውም ነበር።

አንድ ቅዳሜ አዲስ መነጽር ከመነጽር ቤት ወሰደች። እሑድ ራሷን አመማት። ሰኞ ደረጃው ከእግሯ እየራቀ አስቸገራት። ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ተመልሳ ሄደች። መነጽር ሠሪው መዝገቡን ገልጦ አንገቱን ነቀነቀ። ያው ጥቁር ክፈፍ፣ ያው ቡናማ ማኅደር፣ በአንድ ቀን የተወሰዱ ሁለት መነጽሮች፤ ተለዋውጠዋል። ለሌላኛው ደንበኛ ስልክ ደወለለት፤ ሩቅ አልነበረም፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጣ።

ቀጠን ያለ፣ እጅጌው በእርሳስ የጠቆረ ወጣት ነበር። የእሷን መነጽር አድርጎ ገባ።

«ለመሆኑ አላስቸገረዎትም?» አለው መነጽር ሠሪው።

«መጀመሪያ ላይ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። ከዚያ ለመድኩት።»

ቁጥቧ ዞር ብላ አየችው። «ሦስት ቀን ሙሉ በሰው መነጽር...» ብላ እንደልማዷ አቆመች።

«...እያየ የማይታወቀው ምን ዓይነት ጅል ነው፣ ሊሉ ነው» አላት።

ልክ ያንኑ ልትል ስለነበር ሳቀች። እሱም መነጽሯን አውልቆ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ በሁለት እጁ ሰጣት። መነጽር ሠሪው በነፃ ሌላ ማኅደር ሰጣቸውና ሁለቱም ገና የመጡ ይመስል በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ሲሰነባበቱ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆኖ ነበር፤ ማን እንደጀመረው አላስተዋሉም።

ከዚያ በኋላ ከመነጽር ቤቱ ፊት ለፊት ባለው መናፈሻ፣ አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር ላይ ይገናኙ ጀመር። ሁልጊዜ ቀድሟት ይደርሳል። ስለሥራቸው አልተነጋገሩም። እሷ ወረቀት አገላብጣለሁ አለችው፤ እሱም ከእርሳስ ጋር ነው የምውለው አላት። ሁለቱም ስለፈረሙ ሁለቱም ከዚያ በላይ አልጠየቁም፤ እሷም የንድፍ ሠራተኛ ይሆናል ብላ ደመደመች። በእጅጌው ላይ ካለው ጥቁረት የተነሳ ግምቱ መጥፎ አልነበረም።

የወደደችው ሲያዳምጥ ነው። በሕይወቷ ሙሉ ሰዎች ግማሽ ዓረፍተ ነገሯን ትተውባት ሲያልፉ የኖረች ልጅ፣ አሁን የሚያነሳላት አገኘች። «ዛሬ ደግሞ አለቃዬ...» ስትል፣ «...ዝም ብለው አዩሽ፣ ከቁጣም ባሰብሽ» ይላታል። «ከአፌ ነጠቅከኝ» ትለዋለች። አንዳንድ ቀን ይህንኑ ለመስማት ስትል ብቻ ጀምራ ትተዋለች። ስለአባቷ ነገረችው፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነው፣ ጋዜጣውን ዘቅዝቆ እንደያዘ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል፣ ሲቀሰቅሱት እያነበብኩ ነው ብሎ ይቆጣል። መላ ሰውነቱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። በዚያች ሰዓት ይህን ሰው እንደምትወደው አወቀች። ምንም አልተጠራጠረችም፤ ዓይኗን ጨፍና ከመቀመጫዋ ብትወድቅ እንኳ የሚይዛት ሰው አጠገቧ እንዳለ ነበር የተሰማት።

በቢሮም ነገር ሁሉ ተቃናላት። ድሮ ከአሥር ወረቀቷ ሦስቱ አራቱ ይመለሱባት ነበር፤ አሁን ሁሉም ያልፋል። ሠላሳ አለፈ፣ ስልሳ፣ መቶ። የላይኛው ፎቅ ሰው በመገረም ያያት ጀመር። ተርጓሚው ለእያንዳንዱ ፈሊጥ አንድ የራሱን ምሳሌ መጨመር ነበረበትና እሷም ከየትም አላመጣችም፤ አባቷን ከነጋዜጣው አስገባች፣ አግዳሚ ወንበሩን ከነአጭር እግሩ አስገባች። ቀስ በቀስ ቃላቱን ወደ ብርሃን አንስታ ማገላበጡን ተወችው። ለምን ታገላብጣለች? የጻፈችው ሁሉ ሳይጎድል ይመለስላታል። ታች ያለው መላሽ ማንም ይሁን ማን ጎበዝ ሰው ነው ብላ አንድ ቀን በልቧ አመሰገነችው።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል። መቶ ሰማንያኛው ወረቀቷ ባለፈ በሳምንቱ እትዬ ሚዛን አስጠሯት።

ክፍላቸው ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ከየተርጓሚው ወረቀት ከአሥሩ አንዱ ሌላ ከተማ ለምትኖር፣ ጡረታ ለወጣች የቋንቋ መምህርት ይላካል። እሷም እንደ መላሾቹ ፈረንሳይኛውን ብቻ አይታ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች። ከቁጥቧ አሥራ ስምንት ወረቀት ሄዶ ነበር።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ እትዬ ሚዛን። «አሥራ አንዱ አልተገናኘም።»

ቁጥቧ የሰማችውን አላመነችም። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ወረቀት ወደ እሷ ገፉት። እንግሊዙ ሰው በመጨረሻዋ ሰዓት ወኔው ሲከዳው እግሩ ቀዘቀዘ ይላል፤ ምሳሌው በሠርጉ ዕለት ስለፈራ ሙሽራ ነበር። ቁጥቧ ቸኩላ ቀዝቃዛውን እግር እንዳለ ወደ ፈረንሳይኛ አሻግራዋለች፤ ፈረንሳዩ ግን እግሩ ሲቀዘቅዘው በርዶታል ማለት ብቻ ነው። ምድር ቤት ያለው መላሽ «ሙሽራው ፈራ» ብሎ መልሶታል። ጡረተኛዋ መምህርት ደግሞ «በሠርጉ ዕለት የሙሽራው እግር በረደው» ብላ መልሳ፣ ከዳር ክብ አድርጋ፣ «ምናልባት ጫማው ስስ ይሆን?» ስትል ጠይቃለች።

ሌሎቹም እንዲሁ ነበሩ። ሁለት ቦታ የተሳሳተ ቃል ነው። የቀሩት ግን ስህተት እንኳ አይባሉም፤ ግማሽ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ ይጀምርና ጸሐፊዋ ብቻ በምታውቀው ቦታ ላይ ይቆማል። መምህርቷ አንዱ ላይ «ይህ ሰው ለማን ነው የሚጽፈው?» የሚል ማስታወሻ አኑራበታለች። ቁጥቧ ያንን አንብባ ፊቷ ደም መሰለ።

«ታች ያለው ልጅ ያልገባውን አልፎ የሚሄድ ሰው አይደለም» አሉ እትዬ ሚዛን። «በሰው ወረቀት ላይ በቀን አምስት ስድስት ክብ ያደርጋል። ባንቺ መቶ ሰማንያ ወረቀት ላይ፣ ከሦስት ወር ወዲህ፣ አንድም ክብ የለም። ሁለት ባዳዎች ይህን ያህል አይግባቡም። ታውቂዋለሽ?»

«ማንን?» አለች ቁጥቧ።

ሴትዮዋ ብዙ ዘመን የሄደውንና የተመለሰውን ሲያመሳክሩ ኖረዋልና እውነቷን መሆኑን ከድምፅዋ ለዩት። ሰዓታቸውን አዩ፤ የታችኞቹ የሚወጡበት ነበር። «እስኪ ነይ» ብለው ወደ ኋላኛው መስኮት ወሰዷት። ከሥር በሩ ተከፈተና ሰዎች አንድ በአንድ ወጡ። አራተኛው ሰው ደጃፉ ላይ ቆመ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

ሦስት ወር ሙሉ ከእግሯ ሥር ነበር።

ያን ቀን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ ፊቱ ቆመች። ፊቷን ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ይህም ይበልጥ አናደዳት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከአባትሽ ጋዜጣ ጀምሮ» አላት። ሁለተኛው ወር ላይ መሆኑ ነው። ወንበሩ ላይ ከነገረችው በአራተኛው ቀን ያው ጋዜጣ፣ ያው ዘቅዝቆ ማንቀላፋት፣ በፈረንሳይኛ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ መጣለት።

«ስህተቴን ስትሸፍንልኝ ከረምክ።»

«አልሸፈንኩም። ብሸፍን ይሻል ነበር፤ አላየሁትም።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «ወረቀቱን ሳነብ ድምፅሽን ነው የምሰማው፤ ያንቺ መሆኑን ሳላውቅም እንዲሁ ነበር። ምን ልትዪ እንደሆነ ቀድሞ ይገባኛል። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ከሁለት አንዳችን መውጣት ነበረብን። ስምሽ መጽሐፉ ላይ እንዲወጣ ምን ያህል እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። ሳትነግሪኝም አውቃለሁ። ለመውጣት እሺ እንደማትዪ አውቃለሁ። እኔ እንድወጣም እንደማትፈልጊ...»

«ታውቃለህ» አለችው። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ግን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለማቋረጥ ተናገረች። «ሁሉን ታውቃለህ። መነጽሬን አድርገህ ሦስት ቀን የሄድክ ሰው ነህ፣ ለመድኩት ብለህ። አንድ ቀን እንኳ ምን ማለትሽ ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? እኔ ቢሮ ውስጥ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ስሄድ ነበር። ጎበዙ አንተ ነበርክ። እኔ እየደነቆርኩ ነበር።»

 መልስ አልጠበቀችም፤ ሄደች። በመንገድ ላይ አለቀሰች። የምታለቅሰው ስለ ወረቀቶቹ ይሁን ስለ እሱ ለይታ ማወቅ ስላልቻለች ሁለቱንም አንድ ላይ አለቀሰችላቸው።

በማግሥቱ እትዬ ሚዛን አንድ ደብዳቤ አሳዩዋት። ልጁ ሥራውን ለቋል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ አታውቅም ነበር፣ ወረቀቶቿን እንደገና እንድትሠራ ይፈቀድላት ይላል ደብዳቤው። ሌላ ሴት ብትሆን ልቧ ይራራ ነበር። ቁጥቧ ግን ደብዳቤውን አጥፋ መለሰችና «ደግሞ ወሰነልኝ» አለች፤ ይህንንም ዓረፍተ ነገር ጨርሳ ነው የተናገረችው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መቶ ሰማንያውን ወረቀት ከአንድ ጀምራ ለቀመችው። አሁን መላሿ የሆነችው ጡረተኛዋ መምህርት በየሳምንቱ ጥቅል ወረቀት ትልክላታለች፤ ዳሩ በክብ ተጥለቅልቆ ይመጣል። በመጀመሪያው ጥቅል ላይ ሠላሳ አራት ክብ ቆጠረች። ክቦቹን አንድ በአንድ ስታብራራ፣ እሷ ዘንድ ግልጽ የነበረው ነገር ለሌላ ሰው ጨለማ መሆኑን አየች። ይህን ማየት ያማል፣ ግን ይለመዳል፤ ከተለመደ በኋላ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለው። ቃላቱን እንደገና ወደ ብርሃን እያነሳች ታገላብጣቸው ጀመር። በምሳ ሰዓት ጓደኞቿ ሲጠይቋት «እንግዲህ ነገ እኔ አልመጣም፣ አባቴን ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ» አለች። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ተያዩ። ስሙ ግን ቁጥቧ እንደሆነ ቀረ፤ የወጣ ስም በቀላሉ አይመለስም።

እሱን አላገኘችውም። በመናፈሻው በኩል ማለፉን ትታ በማተሚያ ቤቱ ዞራ ትሄዳለች፤ አሥር ደቂቃ ያስረዝማል። ናፈቃት። መናፈቋን ለራሷ ልትክድ ሞከረችና አልሆነላትም። አመሻሽ ላይ አባቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ የጀመረችውን ትታ ዝም ስትል፣ የሚያነሳላት ድምፅ ትጠብቃለች። አባቷ ከጋዜጣው ሥር «ምን?» ይላታል፤ እሷም ትጨርስለታለች።

አንድ ቀን አባቷን እናቷ እንዴት እንደነበረች ጠየቀችው። እናቷ የሞተችው እሷ ሕፃን ሳለች ነው።

«ገና አፌን ሳልከፍት ታውቀኝ ነበር» አላት አባቷ። «ምን እንደማስብ፣ ምን እንደምበላ፣ ማንን እንደተቀየምኩ። ሰው ሁሉ ይቀናብን ነበር።»

«ደስ አይልም?»

አባቷ ጋዜጣውን አወረደው። «ደስ ይላል። ይደክማልም። አንዳንዴ እኔ ሌላ ነገር አስብ ነበር።» ከዚያም «ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር» አለ። ይህን ለማንም ተናግሮት እንደማያውቅ ፊቱ ያስታውቅ ነበር፤ ወዲያው ጋዜጣውን መልሶ አነሳና ከኋላው ተደበቀ።

መቶ ሰማንያው በስድስት ወር አለቀ፤ ሃያ ጨመረችበት። ሁለት መቶኛው ወረቀት ካለፈ በኋላ እትዬ ሚዛን የመጀመሪያውን ገጽ ናሙና አሳዩዋት። ስሟ ከተርጓሚዎቹ አራተኛ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ተጽፏል። ለብዙ ጊዜ አየችው። ደስ አላት፤ ያሰበችውን ያህል ግን አይደለም፣ ምክንያቱም ልታሳየው የምትፈልገው ሰው አንድ ብቻ ነበር።

«ያ ልጅ» አሉ እትዬ ሚዛን ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ፣ «ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኗል አሉ። እዚያ ያልተባለ ነገር ከጨመረ ዳኛው ያስወጡታል። በጎ ነው፤ ይማርበታል።» ከዚያ የሚሉትን ብለው እንደጨረሱ ሁሉ ወደ መሳቢያቸው ዞሩ። ሴትዮዋ በሕይወታቸው ያለ ምክንያት ወሬ ነግረው አያውቁም።

ቁጥቧ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ባዶ የቢሮ ወረቀት ወደ ጽሕፈት መኪናው አስገባች። ከላይ ቁጥር ሁለት መቶ አንድ ብላ ጻፈች። ከሥሩ በፈረንሳይኛ ሁለት መስመር ብቻ አኖረች፦ «ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት፣ መነጽር ቤቱ በር ላይ እሆናለሁ። እኔ አሁንም...»

እዚያ ላይ አቆመች። ስድስት ወር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የተማረች ሴት ይህንን ሆን ብላ ነበር የተወችው። የድሮው ሰው ከሆነ ይጨርስላታል፤ እወድሃለሁ ብሎ ይሞላዋል፣ ወይም አልተቀየምኩህም ብሎ ይሞላዋል፣ ምናልባትም ልክ ይሆናል። ልክ ቢሆንም ሐሙስ እንደማትሄድ ቆርጣ ነበር። ፖስታውን በፍርድ ቤቱ አድራሻ ላከችውና ሦስት ቀን እንቅልፏ ጎደለ።

ረቡዕ መልሱ መጣ። በእንግሊዝኛ፣ በመኪና የተጻፈ፣ ሁለት መስመር። ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት፣ መነጽር ቤቱ በር ላይ እሆናለሁ። እኔ አሁንም። ከዚያ በኋላ አንድም ፊደል የለም። ከዳር ግን፣ በእርሳስ፣ ጥንቃቄ በተሞላበት እጅ የተሣለች አንዲት ትንሽ ክብ አለች።

ቁጥቧ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። በመቶ ሰማንያ ወረቀት ላይ ያላገኘቻት ክብ ነበረች። ከጎኗ የተቀመጠው ተርጓሚ ምን እንደሆነች ሲጠይቃት «መላሹ አልገባውም» አለችው። በዚህ የሚስቅ ተርጓሚ አይቶ ስለማያውቅ ዝም ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ሐሙስ ቀድሟት ደርሶ ነበር። ከስቷል፤ እጅጌው ግን አሁን ንጹሕ ነው። የመነጽር ቤቱ መስተዋት ላይ ተደርድረው የተሰቀሉት ክፈፎች ሁለቱንም ያዩዋቸው ነበር። ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ዝም አሉ። ድሮ ቢሆን ይህን ዝምታ ይሞላው ነበር። አሁን ለመሙላት አፉ ከፈት ሲል አየችው፣ ሲዘጋውም አየችው። ይህ ለእሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ተረዳች። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላትና ጣቱን ክቧ ላይ አኖረ።

«አልገባኝም» አላት። «ምን ማለትሽ ነው?»

 ጀምሮ መተው ቀላል ነው፤ ለዚያ ነው ዕድሜዋን ሙሉ ስትተው የኖረችው። ያልጨረሰ ሰው ተሳስተሃል አይባልም።

«እኔ አሁንም፣ ስድስት ወር ሙሉ፣ እንደተናደድኩብህ ነኝ ማለቴ ነው» አለችው። «ሳትጠይቀኝ ስለወሰንክልኝ። ሁለት ጊዜ። እኔ አሁንም በመናፈሻው በኩል ማለፍ አልቻልኩም፣ ስለምትናፍቀኝ። እወድሃለሁ ማለቴ ነው። ከአንተ ጋር መኖር እፈልጋለሁ ማለቴ ነው። ገባህ?»

ወዲያው አልመለሰም። የተባለውን ብቻ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ እስከ መጨረሻው እንደሚያዳምጥ ሰው ቆየ። ዓይኖቹ እንባ ሞሉ።

«ገባኝ» አላት። «እኔም።» ከዚያ ራሱን እንደማረም ብሎ፣ «እኔም እወድሻለሁ። ከአንቺ ጋር መኖር እፈልጋለሁ» አለ፣ እስከ መጨረሻው።

ከቦርሳዋ ላጲስ አውጥታ ሰጠችው። ደንቡን ያውቁታል፤ ተርጓሚው ካብራራ በኋላ መላሹ ክቡን ያጠፋዋል። እሱ ላጲሱን ተቀበላት፣ ወረቀቱን መስተዋቱ ላይ ደገፈው፣ ክቧን አያት። ከዚያ ላጲሱን መልሶ እጇ ላይ አኖረ።

«ይቆይ» አላት። «ነገም ያስፈልገኛል።»